የአንጓች ተራ

ድሮ ነው። ምን ያህል ድሮ ብትሉኝ፣ ቀበሮ እንኳ በግ ስትሰርቅ ይሉኝታ ይዟት ዞር ብላ የምትበላበት ድሮ ነው። በዚያ ድሮ ሾላ ገብ የምትባል መንደር ነበረች። ዛሬም አለች፤ ግን ወግ ሲጀመር «ነበረች» ማለት ደንብ ነው።

በሾላ ገብ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። የጌታ ልጅ አልነበረችም። መሬቷም የበሬ ግንባር የምታህል ነበረች። ባሏ ቢምረው ይባላል። ቢምረው ዝምተኛ ነበር፤ ዝምተኛ ስላችሁ በመጠኑ አይምሰላችሁ፤ ቤቱ በእሳት ቢያያዝ «ዛሬስ ሞቀ» ብሎ የሚወጣ ሰው ነበር። እግዜር የቢምረውን ድርሻ ንግግር አንሥቶ ለአንጓች ደርቦ ሰጣት። አፏ ምላጭ ነበር። «ከሬሳ ጋር ብትጣላ ሬሳው ተነሥቶ ይቅርታ ይላታል» ይሏት ነበር። ይህን የሚሉት ግን ራቅ ብለው ነው።

በዚያ ዘመን እህል የሚፈጨው በእጅ ነው። ሴቲቱ ከወፍጮው ድንጋይ ላይ ትጎነበሳለች፤ መጁን በሁለት እጇ ይዛ ትገፋለች፣ ትስባለች፣ ትገፋለች፣ ትስባለች። ከብቱ ገብቶ፣ ልጁ ተኝቶ፣ ባል አንኮራፍቶ እሷ ትገፋለች። አንጓች የወተት ጥርሷ ሳይነቀል መጅ ይዛ ወገቧ እስኪጎብጥ ፈጭታለች። መጅ የሚባል ነገር ጠላች። ከልቧ ጠላች።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ከሌላ አገር የመጣ የወፍጮ አናጺ በሾላ ገብ በኩል ሲያልፍ ነጭ ውሃ የሚባለውን ወንዝ አየና «ይህ ሁሉ ውሃ ሥራ ፈት ሆኖ ይወርዳል እንዴ?» አለ። የመንደሩ ሹም፣ ጭቃ ሹም ደርቤ፣ ይህን ሰማና ሕዝቡን ሰበሰበ። ወንዶቹ ወንዙን የሚመልስ የድንጋይ ክተር ሠሩ። ከክተሩ እስከ ገደሉ አፋፍ ቦይ ቆፈሩ። ሴቶቹ ጭቃ አቦኩ፣ ጠላ ጠመቁ። ትልቁን የወፍጮ ድንጋይ ከተራራው ሆ እያሉ አወረዱት። «የማን ይሁን?» ሲባል «የሁላችን ይሁን!» ተባለና ተጨበጨበ።

ውሃው በአሸንዳው ወርዶ መዘውሩን መታው። መዘውሩ ዞረ፤ ድንጋዩ ዞረ፤ ዱቄት ወረደ። አንጓች እጇን ሰደደችበት። ዱቄቱ ሞቅ ያለ ነው። ማንም አልተጎነበሰም፤ ማንንም አላላበውም፤ ዱቄቱ ግን ይወርዳል። አንጓች አለቀሰች።

አለቀሰችና ወደ ቤቷ ሮጠች። ወፍጮዋን ከመደቡ ላይ ፈነቀለችው። «ቢምረው፣ ያዝ!» አለች። ቢምረው ያዘ፤ ለምን ብሎ አልጠየቀም። እየጎተቱ አፋፉ ላይ አደረሱት። ሰው ሁሉ ለምረቃ እንደተሰበሰበ ነው። አንጓች መጁን ከፍ አድርጋ ያዘችና «ዳግመኛ መጅ ብነካ ቅዱስ ሚካኤል ይፍረድብኝ!» ብላ ማለች። ቄሰ ገበዙ አባ ተድላ እየሰሙ ማለች። ከዚያ ወፍጮውንም መጁንም ገደል ሰደደቻቸው።

ድንጋዩ ተንከባሎ ተንከባሎ ያረፈው ከገደሉ ሥር በተደረደሩት የአባ ተድላ የንብ ቀፎዎች ላይ ነበር። ንቦቹ ተነሡ። ምርቃቱ አሜን ሳይባልበት ተበተነ። አባ ተድላ ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ቁልቁል ሮጡ። ጭቃ ሹም ደርቤ ከነካባው ወንዝ ገባ።

በማግስቱ ፊቱ ያበጠ ሁሉ እየመጣ «እቴ አንጓች፣ መጅሽንስ ጣልሽ፤ የውሃው ወፍጮ የቆመ ቀን ምን ልትሆኚ ነው?» አላት። «ለምን ይቆማል? የሁላችን አይደል?» አለች። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሏል ይህ ነው። የሁላችን የተባለ ነገር ሲቆም ማን እንደሚያስነሣው አንጓች አልጠየቀችም። ሌላውም አልጠየቀም፤ የሌላው መጅ ግን ቤቱ አለ።

ክረምት ገባ። ነጭ ውሃ ስሙን ረስቶ ቀይ ሆነ። ጎርፉ ደለል ይዞ መጣና ቦዩን ሞላው። መዘውሩ መጀመሪያ አዘገመ፣ ቀጥሎ አቃሰተ፣ ከዚያ ቆመ።

ጭቃ ሹም ደርቤ አየና «የሁላችን ነው፤ ሰው ይጠርገዋል» አለ። አባ ተድላ አዩና «የሁላችን ነው፤ ሰው ይጠርገዋል» አሉ። ገበሬው በሬውን እየነዳ አለፈና «ሰው ይጠርገዋል» አለ። ሰው የተባለውን ሁሉም ጠበቀው፤ እሱ ግን አልመጣም። ሴቶቹ እያጉረመረሙ ወደየመጃቸው ተመለሱ።

አንጓች መመለሻ የላትም። መጅ ልትዋስ ብትል ምላለች፤ ታቦት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ጎረቤቶቿን «ፍጩልኝ» ብትላቸው «ድንጋይ ስትወረውሪ እጅሽ ደህና ነበር» አሏት። ስለዚህ ቢምረው ንፍሮ በላ። በማግስቱ ንፍሮ በላ። ሳምንቱ ሲጋመስ ቆሎ በላ፤ ከዚያ ደግሞ ንፍሮ። አንድ ማለዳ ገበታውን አየና «ዛሬም?» አለ። ይህ ለቢምረው የዓመት ንግግሩ ነው። አንጓች አፈረች። እንቅቧን አንሥታ ለብቻዋ ቦይ ወረደች።

ጠረገች። የጠረገችውን ያህል ከላይ ወረደ። እንደገና ጠረገች፤ እንደገና ወረደ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። ቦዩ ዳር ተቀመጠችና ክንዷን አየችው። ክንዷ የአንድ ሰው ነው። አፏ ግን ለመንደር ይበቃል።

በነጋታው ማለዳ እንቅቧን ታቅፋ በጭቃ ሹም ደርቤ ደጃፍ ቆመች።

«አንተ ጭቃ ሹም! የተሾምክበት ጭቃ ቦይ ውስጥ ተጋድሞ ይጠብቅሃል! ውጣና አስተዳድረው!»

ደርቤ ጎረቤት እንዳይሰማበት ብሎ ወጣ። ጎረቤት ግን ሰምቶ ይስቅ ነበር፤ ሳቁን ሳይጨርስ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? ትከሻህ በበሩ አልገባ ብሎ በጎን የምትገባ ሰው፣ እንቅብ ከበደህ?»

አባ ተድላ ደጃፍ ስትደርስ በትሕትና እጅ ነሣች። «አባቴ ይፍቱኝ። ስለ ትጋት ያስተማሩት ትምህርት ልቤን ነክቶታል። አሁን ደግሞ በወገብዎ ያስተምሩኝ» አለች። አባ ተድላ ይህን ሰምተው መቀመጥ አልሆነላቸውም።

እንዲህ እንዲህ እያለች መንደሩን ዞረች። የተሰደበው ያልተሰደበውን ሲያይ ቅናት ያዘው፤ «እሱንስ?» እያለ አብሯት ዞረ። ረፋዱ ላይ መንደሩ በሙሉ ቦይ ውስጥ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ መዘውሩ ዞረ።

አንጓች ግን አልጠገበችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ በቁመቷ ልክ ተዘረጋች። እህል ተሸክሞ የመጣ ሁሉ እሷን ሳይረግጥ አይገባም፤ እሷን የሚረግጥ ደግሞ ገና አልተወለደም።

«እቴ አንጓች፣ በእመቤቴ፣ ልጆቼ ጾማቸውን ናቸው፤ አሳልፊኝ።»

«እህልሽን አየሁት፣ እታለም። ደለልሽስ?»

አንድ እንቅብ ደለል ከቦዩ ሳያወጣ ማንም አይፈጭም። ሀብታም ቢሆን አንድ እንቅብ፣ ድኻ ቢሆን አንድ እንቅብ። ሰው ረገማት፤ ግን ጠረገ። ሰው አማት፤ ግን ጠረገ። ወፍጮውም ዞረ፤ ቢምረውም እንጀራ በላ።

ክረምት አልፎ በጋ ሆነ። ያ ሁሉ ጎርፍ የት እንደገባ እንጃ፤ ነጭ ውሃ እንደ ክር ቀጠነ። ያም ቢሆን ለወፍጮው ይበቃ ነበር። አንድ ማለዳ ግን መዘውሩ እንደ ሽማግሌ ተንቀራፈፈ። አንጓች ቦዩን ይዛ ሽቅብ ወጣች። ደለል የለም። ድንጋይ የለም። ከመንገዱ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቦዩ ተሰብሮ ውሃው ወደ ጭቃ ሹም ደርቤ ሽንኩርት ሲገባ አየች። ሽንኩርቱ ለምለም ነበር።

እዚህ ላይ አንጓች ፈራች። ሹምን በደለል መስደብ ሌላ፣ በሽንኩርቱ መምጣት ሌላ ነው። ያችን የበሬ ግንባር የምታህል መሬቷን ሊነጥቃት ይችላል። ጎረቤቶቿም «ተይ እቴ፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሏት።

«ደርቤ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ንጉሥ የሆነው? ሽንኩርት ነው ያበቀለው!» አለች አንጓች። እንዲህ ብትልም ደርቤ ጋ አልሄደችም። ቤቷ ገብታ ስታስብ ዋለች። ንፍሮ ጣደች፤ ስታስብ አረረ። ቢምረው ያረረውን በላ።

በማግስቱ አንጓች ሴቶቹን ሰበሰበች። እህላቸውን ተሸክመው፣ እየዘፈኑ፣ እልል እያሉ ወደ ደርቤ ግቢ ገቡ። የደርቤ ሚስት ወይዘሮ ይታክቱ ደንግጣ ወጣች።

«እንደምን አደርሽ፣ እቴ ይታክቱ!» አለች አንጓች በማር አንደበት። «ውሃው ወደናንተ ተዛወረ ሲሉ ሰማን። ወፍጮውም አብሮት መጥቶ ይሆናል ብለን ነው።»

«ኧረ ወፍጮ የለም፤ ያው የእጄ ወፍጮ ናት ያለችኝ» አለች ይታክቱ።

«እሷም አታንስም። በተራ እንፈጫለን፤ ምን ቸገረን?»

እንግዳ ገብቷል። የገባ እንግዳ ይቀመጣል፤ የተቀመጠ እንግዳ ይበላል፤ የበላ እንግዳ ይጠጣል። ይህ የአባት የእናት ደንብ ነው፤ የሹም ሚስት ደግሞ ከሁሉ በላይ ትጠበቅበታለች። አንዷ ትፈጫለች፤ ሌሎቹ ተራቸውን እየጠበቁ ይጋበዛሉ። አንጓች መሐላ ስላለባት መጅ አትነካም፤ ስለዚህ ከመደቡ የተሻለውን ይዛ ጠላውን ታመሰግናለች። «እንዴት ያለ ጠላ ነው፣ እቴ! እጅሽ ይባረክ! እስቲ እንደገና ላጣጥመው!»

ደርቤ ሲመለስ ግቢው በሴት ተሞልቷል። ሊቆጣ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። እንግዳ ያባረረ ሹም ስሙ በሠርግ ቤት ይዘፈንበታል፤ አልቃሽም ለቀብሩ ታስቀምጠዋለች። ፈገግ አለና «ቤት ለእንግዳ» አለ።

በማግስቱም መጡ። በሦስተኛውም መጡ። ጋኑ ጎደለ። ሽሮው አለቀ። ያ ለምለም ሽንኩርት ሳይደርስ እየተነቀለ ወጥ ውስጥ ገባ። አንጓች ወጡን እየጠቀሰች «ሽንኩርቱ ውሃ ያልጎደለበት መሆኑ ያስታውቃል» ትል ነበር። በመጨረሻ ወይዘሮ ይታክቱ ዶማ አንሥታ ባሏ እጅ ላይ አኖረች።

«ውሃውን ወደ ቦዩ ትመልሳለህ፣ ወይስ እኔ ወደ አባቴ ቤት ልመለስ?»

ደርቤ ውሃውን መለሰ። ግን አኮረፈ። ያኮረፈ ሹም ደግሞ አንድ ቀን ይበቀላል። ስለዚህ አባ ተድላ አስታራቂ ሆነው ተቀመጡ። አንጓች «ሽንኩርት አይኑር አላልኩም፤ ወፍጮ ይኑር ነው ያልኩት» አለች። ተመካከሩ። በበዓል ቀን ወፍጮ አይፈጭም፤ ውሃው ዝም ብሎ ይወርዳል። እንግዲያው በበዓል ቀን ውሃው ለአትክልት ይሁን፤ ለደርቤ ብቻ ሳይሆን በየተራ ለሁሉም ይሁን ተባለ። «በበዓል ማጠጣት ኃጢአት አይሆንም ወይ?» ብሎ አንድ ሰው ጠየቀ። አባ ተድላ ጢማቸውን ዳበሱ። «ሰው ዶማ ካነሣ ኃጢአት ነው። ውሃ በራሱ እግር ከሄደ ግን ውሃ አልተጠመቀ፣ በምን እንከሰዋለን?» አሉ። እሳቸውም ጎመን ነበራቸው።

ዓመታት አለፉ። ሾላ ገብ ስድብ ለመደች። አንጓች ማለዳ ወጥታ ካልተሳደበች ማንም እንቅብ አያነሣም። እንዲያውም ስድቡ ማዕረግ ሆነ። ሳይሰደብ የቀረ ሰው «እቴ አንጓች ዛሬ በደጄ ዝም ብላ አለፈች፤ ምን አስቀይሜያት ይሆን?» እያለ ሲብሰለሰል ይውል ነበር። አንጓችም ይህ ደስ ይላት ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? ወፍጮው የሁሉም ነው፤ አንቀሳቃሹ ግን እሷ ናት። ወገቧ ቀና አለ። ነጠላዋንም እንደ ወይዘሮ ጣል ማድረግ ጀመረች።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ጉሮሮዋ ታመመ። ዳማከሴ ጠጣች፤ ጤና አዳም አኘከች፤ ጸበል ተጠመቀች። ድምፅዋ ግን ተዘጋ። አፏን ስትከፍት ንፋስ ብቻ ይወጣል። በየደጃፉ ቆማ እጇን አወናጨፈች፤ ወደ ቦዩ ጠቆመች፤ እንቅቧን ነቀነቀች። ሰዉ «ዛሬስ እቴ አንጓች እስክስታ ጀመረች» ብሎ ሳቀ። ደግሞም «እሷ ካልጮኸች ቦዩ ደህና ነው ማለት ነው» ብሎ ወደ ጉዳዩ ሄደ።

ቦዩን ማንም አልጠረገም። የክተሩን ድንጋይ ማንም አላጠበቀም። ነጭ ውሃ ቀላ፣ ሞላ፣ መጣ። ክተሩን ከሥሩ ገለበጠው። ውሃው በድሮ መንገዱ ቁልቁል ሄደ፤ ቦዩ ደረቀ፤ መዘውሩ ቆመ። ሴቶቹ መጃቸውን አራገፉ።

አንጓች ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ንፍሮው አይደለም ያስለቀሳት። «ያ ሁሉ ሰው የቆፈረው ቦይ፣ ያ ሁሉ ሰው ያወረደው ድንጋይ፣ ለካ በእኔ አንድ ጉሮሮ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሲዘጋ ተዘጋ። ስሞትስ?» ብላ ነው ያለቀሰችው። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ላይ ተናደደች። ሰዉን መጥረግ አስተምራለሁ ብላ መሰደብን ብቻ አስተማረችው።

ቢምረው አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ ጆሮውን ወደ አፏ አስጠጋና «ንገሪኝ» አለ።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ተቀምጧል። ቢምረው አንጓችን ደግፎ መጣ። ድንጋይ ላይ ወጣ። ጢሙን በእጁ አበሰ። አንጓች ከጎኑ ቆማ በጆሮው ሹክ አለችው። ቢምረው ዓይኑን ጨፍኖ ጮኸ።

«እናንተ የሾላ ገብ ሰዎች! እኔ አንጓች ነኝ!»

ሰዉ አፉን ከፈተ። ልጅ የወለደ ጎልማሳ ሆኖ የቢምረውን ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ ነበር እዚያ። አንጓች ሹክ አለች፤ ቢምረው ቃል ሳያጎድል ጮኸ።

«ክተሩ ፈርሶ እናንተ እዚህ ጥላ ታሞቃላችሁ! ደርቤ! ሆድህ ከክተሩ ይበልጣል፤ ሄደህ ብትጋደምበት ውሃው ይመለስ ነበር! አባ ተድላ፣ ይፍቱኝ፣ ኖኅ እንኳ ጎርፍ ሲመጣ እንጨት ፈልጧል፤ እርስዎ ግን ጃንጥላ ነው የዘረጉ!»

አንጓች ቀጠለች። ቢምረው ሰማና ዓይኑን ገልጦ አያት። በክርኗ ጎሸመችው። ቢምረው ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

«ይህ ባሌ ቢምረውም… ይህ ባሌ ቢምረውም፣ ያን ሁሉ ዘመን ንፍሮ ሲጎርስ አንድ ቀን እንቅብ ላንሣልሽ አላለኝም! እሱ ከሁላችሁ የባሰ ሰነፍ ነው!»

ዋርካው ሥር ሳይስቅ የቀረ ሰው የለም፤ ሁሉም መሬት ላይ ተንከባለለ። ጭቃ ሹም ደርቤ እንባውን በካባው ጫፍ እየጠረገ ተነሣ። ወደ ቢምረው፣ ወደዚያ ጢማም ሰውዬ ዞረና ጎንበስ ብሎ «እውነትሽን ነው፣ አንጓች!» አለ። ዶማውን ሊያመጣ ሄደ። «እውነትሽን ነው፣ አንጓች! እውነትሽን ነው፣ አንጓች!» እያለ ሰዉ ሁሉ ተከተለው።

በማግስቱ ሥራው ተጀመረ። ቢምረው ድንጋይ ላይ ቆሞ ሲሳደብ ረፈደ። ያልለመደበት ጉሮሮው እሱም ተዘጋ። ሰዉ እጁን ሊያላላ ሲል አባ ተድላ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ድንጋዩ ላይ ወጡ።

«እኔ አንጓች ነኝ!» አሉ። «እናንተ ከሎጥ ሚስት የባሳችሁ! እሷስ ዞር ብላ እሳት አይታ ነው ጨው ሆና የቀረችው፤ እናንተ ምን አይታችሁ ነው የተገተራችሁት?»

«እውነትሽን ነው፣ አንጓች!» አለ ሕዝቡ ለቄሱ፤ ድንጋዩንም አነሣ።

ክተሩ ተሠራ። ቦዩ ተጠረገ። ደርቤም ተሳደበ፤ ስድብ ለካ ይችልበት ነበር። ሰዎቹ ነገሩ ጣፈጣቸው። ጽዋ ከቤት ወደ ቤት እንደሚዞር የአንጓችም ተራ ይዙር አሉ። በየቅዳሜው ተረኛው የአንጓችን እንቅብ ይቀበላል፤ በዚያች ቀን እሱ አንጓች ነው። የዘገየውን ይሰድባል፤ ሹም ቢሆን፣ ቄስ ቢሆን፣ አማቱም ቢሆን። የተሰደበው አይቆጣም፣ አይመልስም። «እውነትሽን ነው፣ አንጓች» ብሎ ደለሉን ይሸከማል።

አንጓች ከዚያ እሑድ ወዲህ የሆነውን ሁሉ የሰማችው ታማ ተኝታ ነው። ወራት ቆይቶ ድምፅዋ ተመለሰ። መጀመሪያ ዶሮዋን ሰደበች፤ ይሠራል። ድመቷን ሰደበች፤ ይሠራል። ቅዳሜ ጠዋት ታጠበች፤ ነጠላዋን አሳምራ ጣል አደረገች። ወደ ዙፋኗ የምትመለስ ንግሥት ሆና፣ ሰዉ ሁሉ እንዲያያት ብላ ቀስ ብላ ሄደች። ቦዩ ዳር ስትደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሰዉ ደለል ውስጥ ነው።

የዚያን ቀን ተረኛ ወይዘሮ ይታክቱ ነበረች። እንቅቡን ታቅፋ ድንጋዩ ላይ ቆማለች። ያን የጠላ ነገር ደግሞ አንድም ቀን አልረሳችውም።

«አንቺ ነጠላ ስታሳምሪ የረፈደብሽ ሴት!» አለች ይታክቱ። «ለጠላ ሲሆን ጎህ ሳይቀድ ደርሰሽ ጋኑን ታራግፊ ነበር! ዛሬ ለደለል ሲሆን እግርሽ እርግዝና ያዘው?»

እንቅብ የያዘው እንደያዘ ቀረ። ደርቤ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ። ቢምረው ዓይኑን ጨፈነ።

መልሱ አንጓች ጉሮሮ ድረስ መጣ። እንዴት ያለ መልስ መሰላችሁ! ይታክቱን ከነዘር ማንዘሯ ገደል የሚሰድ መልስ ነበር፤ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ስድብ አልመጣላትም። ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ወደ ቦዩ አየች። ያ ሁሉ ሰው እሷን ያያል። እሷ ከመለሰች ነገ ደርቤ ይመልሳል፤ ከነገ ወዲያ ሁሉም ይመልሳል። ከዚያ ተራ የለም፤ እንቅብ የለም፤ እንደገና አንዲት አሮጊትና አንድ ጉሮሮ።

አንጓች ያን ስድብ ዋጠችው። እንደ አጥንት ነበር፤ ግን ዋጠችው።

«እውነትሽን ነው፣ አንጓች» አለች።

ነጠላዋን አውልቃ ለቢምረው ሰጠችና ቦይ ወረደች። ከፋት፤ ስሟን ሰው ወስዶታል፤ እሷ በነበረችበት ቦታ ሌላ ሰው ቆሟል። ደግሞም ደስ አላት፤ ደስታው ከመከፋቱ በለጠባት። የመጀመሪያውን እንቅብ ደለል አውጥታ ስታራግፍ እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

«ቢምረው» አለችው፣ «እንግዲህ ብሞትም ወፍጮው አይቆምም።»

ቢምረው ነጠላዋን አጣጠፈ። «ግን አትሙቺ» አለ።

ኋላ ግን ሞተች፤ ሰው አይደለችም? አርጅታ፣ ጠግባ፣ ለቀስተኛውን ሁሉ በየስሙ ሰድባ ሞተች። የወፍጮው ድንጋይ አለቀና ተለወጠ። መዘውሩም በሰበሰ፤ በብረት ተተካ። በእኛ ዘመን ደግሞ ከመዘውሩ ጎን ዳይናሞ ተተከለ፤ ይህ ከራሳችሁ በላይ የሚበራው አምፖል የነጭ ውሃ ነው፤ የሁላችን ነው። ከወንዙ ማዶ ባለው መንደርም እንዲሁ ያለ ዳይናሞ ተተክሎ ነበር። ዛሬ ዝጎ ዶሮ ጫጩት ትፈለፍልበታለች። የእኛ ያልዛገው ብረቱ የተለየ ሆኖ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦዩ ላይ የቆመ ጢማም ሽማግሌ «እኔ አንጓች ነኝ!» ሲል፣ ትልቁም ትንሹም «እውነትሽን ነው፣ አንጓች!» ብሎ ስለሚሸከም ነው።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ የጨመርኩትንም እናንተ ለዩት። አሁን ተነሡና በጊዜ ተኙ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ እንቅቡም ዛሬ እኔ ቤት ነው የሚያድረው። ይህን ሁሉ የማወራችሁ አፌን ላሟሽ ብዬ ነው፤ እናንተም መልሳችሁን ከአሁኑ ተለማመዱት።